መኪናዋ ምንም የለባትም

ጥቅምት 5

ዛሬም እንደ ወትሮው። አለቃን ትምህርት ቤት አድርሼ ተመለስኩ። አለቃ የምላት የልጄን ልጅ ነው… ስምንት ዓመቷ። ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ታዘኛለች። ፍሬቻ አላበራህም፣ ያ ሰውዬ ሊሻገር ነው፣ ሬዲዮኑን ቀንሰው። ዕድሜዬን ሙሉ ተሳቢ ስነዳ እንደሷ የተቆጣጠረኝ የለም። ትራፊክ ፖሊስ እንኳ አንዳንዴ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል፤ እሷ ዓይኗን አትነቅልም።

የጠዋት የመጀመሪያ ሥራዋ ሰዓት መሙላት ነው። ማታ ማታ የባትሪውን ገመድ ስለምነቅለው የዳሽቦርዱ ሰዓት ጠፍቶ ያድራል። ጠዋት ገመዱን መልሼ ሳስር እሷ ከፊት ገብታ ሰዓቱን ታስተካክላለች፤ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ሥልጣኗ። ባትሪ መንቀል ከተሳቢ ዘመን የቀረ ልማዴ ነው። አንድ ባልደረባዬ ሳይነቅል ተኝቶ፣ ገመድ ከገመድ ተነካክቶ፣ መኪናው ከነጭነቱ ሲነድ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ባትሪ ሳልነቅል እንቅልፍ አይወስደኝም። ልጄ ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

አንድ ነገር ግን… ከትምህርት ቤቱ ስወጣ ለመኪናዋ ነዳጅ ሰጠኋት፣ ዝም አለችኝ። ቆይታ፣ እንደተጠራ ሰው ደንግጣ ተነሳች። በርዷት ይሆናል።

ጥቅምት 9

ደገመችው። አደባባዩ ላይ ቀስ ብዬ ልገባ ስል ነዳጅ ሰጠሁ… ዝም። ከዚያ ብድግ ብላ ተፈተለከች። ከፊቴ ሰው ቢኖርስ?

እኔ የማውቀው መኪና ሲያመው ያስላል፣ ያጨሳል፣ ይንኳኳል። በሽታውን ይናገራል። ይቺ አታስል፣ አታጨስ። ጡረታ ስወጣ ልጆቼ አዋጥተው የገዙልኝ ናት። አውቶማቲክ… ማርሹን ራሷ ነው የምታስገባው። ግራ እግሬ እስከዛሬ ፍሪሲዮን ይፈልጋል።

ለልጄ ነገርኳት። መኪናዋን የሸጠልን ድርጅት ጋ ውሰዳት አባዬ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ነገ ዛሬ ማለት አያስፈልግም። እሷ ፋርማሲ ሥራ የምትገባው ትምህርት ቤቱ በሩን ሳይከፍት ነው። ባሏም ሥራው ሌላ ከተማ ነው። አለቃን የሚያደርሳትም የሚመልሳትም እኔ ነኝ እንግዲህ። የልጄ እናት… ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት የሚያስነሳኝም ይኸው ነው። እውነቱን ልጻፈው።

ጥቅምት 12

ድርጅቱ ጋ ወሰድኳት። ጋራዥ ብሎ መጥራት ያሳፍራል፤ ወለሉ ከምበላበት ጠረጴዛ ይነጣል። አንድ ወጣት መካኒክ መጣ፣ እጁ ላይ ዘይት የሚባል የለም። ላፕቶፑን ከመሪው ሥር ሰካው። ኮፈኑን አልከፈተም። ሞተሩን አታየውም ወይ ስለው ፈገግ አለ። ዛሬ ሞተር የሚታከመው በዚህ ነው አለኝ። ነዳጁን የሚመጥነውም፣ ማርሹን የሚቀይረውም ፕሮግራም ነው። ብልሽት ካለ ደግሞ ኮምፒውተሯ ይዛ ትቆያለች፤ ይቺ የያዘችው ምንም የለም። ቢሆንም ፕሮግራሟ አሮጌ ስለሆነ አዲስ ጫነላት።

ሳይፈታ የዳነ ሞተር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ስመለስ እንደ ቅቤ ነበር የሄደችው። ነካ ሲያደርጓት ትሄዳለች። መንገዱ ሁሉ አጠረብኝ። ለአለቃ ባለ ላፕቶፑ ሐኪም አድኗታል አልኳት። ባትሪዋን ነቅዬ ገባሁ።

ጥቅምት 13

ያው ናት።

ጥቅምት 21

እንደገና ድርጅቱ። ባለ ላፕቶፑ አሁንም ሰካ፣ አሁንም ምንም የለም። ተቀምጦ ራሱ ነዳት፤ እኔ አጠገቡ። በሄደበት ሁሉ አቤት ወዴት ትለዋለች። የሰው ፊት ታያለች እንዴ? አንድ ጊዜ እንኳ ብታመነታ ምናለበት… እንደ ልጅ ለመንኳት በልቤ። ስንመለስ በትህትና ነገረኝ። መኪናዋ ምንም የለባትም። ምናልባት አውቶማቲክ ስላልለመዱ ይሆናል አባት፣ እግርዎ ትንሽ ይዘገይ ይሆናል።

እግሬ።

ማታ ወንዱ ልጄ ደወለ። እሱ ራሱ የኮምፒውተር ሰው ነው፣ ቢሮ ውስጥ ከሰው ይልቅ ከኮምፒውተር ጋር ነው የሚያወራው። አባዬ፣ ኮምፒውተር አይዋሽም አለኝ። ሰው ነው የሚዋሸው ማለቱ ነው? በዳቦ ፈንታ ናፍጣ እየሸተትኩ ያስተማርኩት ለዚህ ነበር። ስቄ ዘጋሁ።

ጥቅምት 28

ዛሬ ብቻዬን ሳለሁ አደባባዩ መግቢያ ላይ ሙሉ በሙሉ ጠፋችብኝ። አስነስቼ እስክወጣ ከኋላዬ ያልጮኸ ክላክስ የለም። አንዱ ጎረምሳ አጠገቤ ሲደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሽማግሌ ቤቱ ይቀመጣል አለኝ። መስኮቴን ዘግቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

ለልጄ አልነገርኳትም። ብነግራት ምን ልትል? ባለ ላፕቶፑ ያለውን ለሷም ነግሯታል። ስለ መኪናዋ ባነሳሁ ቁጥር ዓይኗ ወደ እግሬ ሲወርድ አያለሁ።

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀኝ እግሬን ግድግዳው ላይ አደረግኩ። ርገጥ አልኩት፣ ረገጠ። አሁን ርገጥ፣ ረገጠ። ዘገየ ወይስ አልዘገየም? ሰው የራሱን እግር መዘግየት በምን ያውቃል? እንደ እብድ ግድግዳ ስረግጥ ቆየሁ።

ኅዳር 4

የጻፍኩትን እኔም ላላነበው እችላለሁ።

አለቃን ስመልስ ነው። ትልቁ መንገድ ማቋረጫ ላይ ቆምኩ፣ ግራ ቀኝ አየሁ። አሸዋ የጫነ መኪና ሩቅ ነበር። ሩቅ ነበር። ሁለት መኪና የሚያሻግር ጊዜ ነበረኝ። ገባሁ… መሃል መንገድ ላይ ጠፋች። ረገጥኩ። ረገጥኩ። ቁልፉን አዞርኩ። አሸዋ የጫነው ፍሬኑን ይዞ እየጮኸ መጣ፣ የኋላ ጥጓን ገጭቶ አሽከረከረን። አለቃ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ሌላ ምንም አልሆነችም። ሌላ ምንም አልሆነችም። የኋላው በር አጠገብ አልነበረችም፣ ወደ መሃል ጠጋ ብላ ነበር… ጠጋ ባትልስ?

ትራፊኩ መጣ። መኪናዋን አላየም። እኔን አየኝና፣ "አባት፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?" አለኝ።

ልጄ ከፋርማሲው በሩጫ መጣች። የአለቃን አፍ ጠራረገች፣ እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። አለቃ ከከንፈሯ ደም እየጠረገች ለትራፊኩም ለእናቷም ተናገረች። "አባባ ረግጧል። በወንበሮቹ መሃል እግሩን አይቼዋለሁ። መኪናዋ ናት እምቢ ያለችው።" እናቷ፣ አንቺ ዝም በይ አለቻት።

ጎትተው ግቢ አመጧት። ከግጭት በኋላ ደግሞ ባትሪ መንቀል ግድ ነው፤ ገመድ ተላልጦ እንደሆን በምን ይታወቃል? ወጥቼ ነቀልኩት።

ኅዳር 5

"ቁልፉን ለጊዜው እኔ ልያዘው አባዬ።"

ሰጠኋት። ለጊዜው ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስንቱን ሹፌር ለጊዜው ሲያሳርፉት አይቻለሁ።

ኅዳር 8

ድርጅቱ መኪናዋን አየ። የኋላውን አካል ይጠግኑታል። ኮምፒውተሯ ግን ስለዚያ ቀን የምታውቀው ነገር የለም። ጠፍታ ቢሆን ኖሮ ትይዘው ነበር አሉ። ስለዚህ አልጠፋችም። ስለዚህ… እኔ ነኝ።

ልጄ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፣ ለበሽተኛ እንደሚነገረው። ከንፈሯ የተሰፋችው ልጅ ግን አሁንም ረግጧል ትላለች። አንድ ምስክር አለኝ፣ እሷም ገና የወተት ጥርሷን አልጨረሰችም።

ኅዳር 11

በገዛ እግሬ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ፊደሉን እስከ ታች አነበብኩለት። በዕድሜዎ ይህን ዓይን ያገኘ ስንት ነው አለኝ። ወረቀቱን አጽፌ ይዤ መጣሁ። ልጄ አነበበችውና አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ዓይን ብቻ እኮ አይደለም፣ አባዬ።"

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በቃኝ።

ኅዳር 17

አለቃ ዛሬ በትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ሄደች። ቢጫ ሚኒባስ ነው፣ ሹፌሩ በር ላይ ሆኖ ክላክስ ያጮሃል፣ ወርዶ በር እንኳ አይከፍትላትም። ከመስኮት ሆና እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም በነጠላ ጫማ ቆሜ አወዛወዝኩ። ከዚያ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ። የሌሊት ልብሴን ሳልቀይር ዋልኩ።

መኪናዋ ተጠግና መጥታለች። አሁን ልጄ ናት የምትነዳት። ማታ ባትሪዋን ልነቅል ወጣሁ። ኮፈኑ የሚከፈተው ከውስጥ ነው፣ ቁልፉ ደግሞ እሷ ጋ ነው። ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። አሁን ደግሞ ባትሪ ነቃይ ሊሉኝ? እሳት ታነሳለች ብዬ ስገላበጥ ነጋ።

አንድ ነገር ዛሬ ልብ አልኩ። ልጄ "እርስዎ" እያለችኝ ነው። ምሳ በሉ ወይ፣ መድኃኒትዎን ወሰዱ ወይ… ከልጅነቷ ጀምሮ አንተ ነበርኩ። ከመቼ ወዲህ ነው የተከበርኩት?

ኅዳር 29

ጠዋት ጠዋት ከመስኮት ሆኜ አዳምጣለሁ። ልጄ ከግቢ ስትወጣ ዳገቱ ላይ ታመነታባት ይሆን ብዬ። አታመነታም። ነካ ስታደርጋት ትሄዳለች። ለእኔ እምቢ ያለችው ለሷ ታዘዘች።

እንግዲህ ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ያው መኪና፣ ያው መንገድ። የተቀየረው እግሩ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 10

ምንም የለም።

ታኅሣሥ 19

አለቃ ከሰርቪሱ ልጆች ጋር የሚዘፍኑትን ዘፈን አሰማችኝ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ትልልቆቹ ናቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት እሷም ከኋላ ትሆናለች። በእኔ መኪና ከኋላ ነበርሽ እኮ አልኳት። ሳቀች። ያ ሌላ ነው አባባ አለችኝ። ልክ ናት።

ሻይ ሳፈላ ደግሞ እጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጠርኩት። ውሃውን ስቀዳ፣ አሁን ብስተውስ? አልሳትኩም። ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ሠላሳ ቶን ጭኜ በገደል አፋፍ ስወርድ እጄን ተጠራጥሬው አላውቅም… ሻይ ለመቅዳት እፈራለሁ።

ጥር 6

ልጄ ፊቷ አመድ መስሎ ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። መኪናዋ ጠፋችብኝ አለች። መሃል መንገድ፣ ረገጥኩ፣ እምቢ… ከኋላዬ አውቶቡስ ነበር፣ በስንት መከራ ዞረኝ። ጣቶቿን ጨበጥኳቸው፣ በረዶ ሆነዋል።

ውሃ ሰጠኋት፣ አይዞሽ አልኳት። እጄ ትከሻዋን ይደባብሳል፣ ልቤ ግን… ደስ አለኝ። ልጄ ከሞት ተርፋ ከፊቴ ቁጭ ብላ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥር 8

አብሬያት ድርጅቱ ሄድኩ። ባለ ላፕቶፑ ሰካ። ሰካና ቀና አለ፣ እንደገና አየ። የላፕቶፑ መስኮት በቀይ ጽሑፍ ሞልቷል። ሁሉንም ይዛዋለች፤ የትናንት ወዲያውንም፣ ከዚያ በፊት ልጄ ያላስተዋለቻቸውን ትንንሾቹንም። ለካ የታወቀ በሽታ ነው። ከሞተሩ አይደለም፣ ከፕሮግራሙ ነው፤ መኪናዋ ቀስ ብላ ስትንከባለል ነዳጅ ሲሰጧት የሚሳሳት። ሌሎች ባለቤቶችም ላይ ደርሷል፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማስተካከያም ከመጣ ከርሟል። ግን የሚጫነው ይህ ጽሑፍ የተገኘባት መኪና ላይ ብቻ ነው። አሁን ስለተገኘባት ጫነላት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አባት፣ ይቺን ባትሪ የሚነቅል ሰው ነበር እንዴ?"

እኔ ነኝ አልኩት። ኮራ ብዬ ነው ያልኩት። በየማታው፣ አንድም ቀን ሳልረሳ። ጎበዝ ሊለኝ መስሎኝ።

ላፕቶፑን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ይቺ ሞዴል ባትሪዋ ሲነቀል የያዘችውን ሁሉ ትረሳለች። ብልሽቱንም፣ የተማረችውንም። ለካ መኪናዋ የነጂዋን እግር ትማራለች… በምን ያህል እንደሚረግጥ፣ መቼ እንደሚቸኩል፣ እያየች ራሷን ታስተካክላለች። ሲነቀል ግን ከሀ ነው የምትጀምረው። ጠዋት ጠዋት ለእርስዎ አዲስ ነበረች አለኝ። በሽታው በፊትም ነበረባት፣ ሳትማር ግን ይብስባታል።

ስንመለስ ልጄ እየነዳች፣ "አየህ አባዬ፣ አንተ አልነበርክም" አለችኝ። አንተ አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጥር 9

እኔ ነበርኩ።

የልጄን ልጅ ከንፈር ያሰፋሁበት ቀን ማስረጃው እንኳ እዚያው ነበር፣ መኪናዋ ውስጥ። ወጥቼ በገዛ እጄ ነቀልኩት። ድርጅቱ አልዋሸም፣ ልጄም አልዋሸችም፤ ባዶውን አይተው ባዶ ነው አሉ። በየማታው ምስክሬን በገዛ እጄ ስገድል ከርሜ፣ ጠዋት ምስክር የለኝም እያልኩ አለቅሳለሁ።

ስህተት ሠርቼ አውቃለሁ። ማርሽ ስቼ፣ መንገድ ስቼ፣ ሰው ተቀይሜ… ይሄ ግን ስህተት መስሎኝ ያደረግኩት አይደለም። ከማደርገው ሁሉ በጣም እርግጠኛ የነበርኩበት ነገር ነው። ስንት ረዳት ሳሠለጥን መጀመሪያ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ታዲያ ሌላስ? ሌላ ምን አለ፣ ልክ ነው ብዬ የማደርገው፣ ልክ ያልሆነ? እንዴትስ አውቀዋለሁ?

ጥር 12

ልጄ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። "ይቅር በለኝ አባዬ። ላምንህ ይገባ ነበር።" ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ወንዱ ልጄም ደውሎ የሆነ ነገር አለ… ኮምፒውተር የነገሩትን ነው የሚያውቀው፣ ምናምን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ ልቀልድበት ፈለግኩ፣ አፌ አልታዘዘኝም። ምን በደላችሁኝ አልኳቸው። እውነቴን ነው። አልተቀየምኳቸውም። ብቀየም ይሻለኝ ነበር።

አለቃ ብቻ ጨፈረች። ነግሬያችሁ ነበር፣ እግሩን አይቼዋለሁ ብዬ ነበር እያለች። ሰኞ በአባባ ነው የምሄደው አለች።

ጥር 14

ጉልበቴን አሞኛል አልኩ። አላመመኝም። በሰርቪስ ሄደች።

ጥር 21

ብርድ መቶኛል አልኩ።

ጥር 27

ማንም ሳይኖር መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ሰዓቱ ልክ ነው፣ ማንም ሳይነካው ይሄዳል። አስነሳሁ። ግቢ ውስጥ ወደፊት፣ ወደኋላ። የነዳጁን ጫፍ ስነካ ትሰማለች፣ ልክ አዲስ እንደነበረችበት ቀን። ከዚህ በላይ የምትታዘዝ መኪና ነድቼ አላውቅም።

እና ፈራኋት። ድሮ ካልሄደች ጥፋቱ የሷ ነው እል ነበር። አሁን የረገጥኩትን ሁሉ ታደርገዋለች። ልክ ብረግጥም፣ ብስትም። አጥፍቼ ወጣሁ።

የካቲት 3

ልጄ ዛሬ ዕረፍት ናት፤ ሦስታችንም እንውጣ፣ አንተ ንዳ አለችኝ። ሰበቤ አልቋል። ነዳሁ። እሷ አጠገቤ፣ አለቃ ከኋላ። እስከ ነዳጅ ማደያው ደህና ነበርኩ። እንዲያውም አለቃ አንድ ጊዜ ፍሬቻ ብላ አዘዘችኝ፣ ሳቅን። ለአፍታ ሁሉም ነገር የተመለሰ መሰለኝ።

ነዳጅ ቀድተን ወደ መንገዱ ልወጣ ቆምኩ። አንዲት ሚኒባስ መጣች፣ አሳለፍኳት። ሞተር ሳይክል መጣ፣ አሳለፍኩት። ከዚያ መንገዱ ነጻ ሆነ። አየሁት፤ ነጻ ነው። ሩቅ አንድ የጭነት መኪና ይመጣል… ሩቅ ነው። ሩቅ ነው ወይ? ያን ቀንም ሩቅ ነው ብዬ ነበር። የጭነት መኪናው ደረሰና አለፈ። አሁንም መንገዱ ነጻ ነው። ከኋላዬ የቆሙት ክላክስ ጀመሩ።

"አባባ፣ መንገዱ ባዶ ነው" አለች አለቃ።

አውቃለሁ። እግሬን ርገጥ አልኩት። ነዳጁ ላይ ነው ያለው፣ ጫማዬ ሥር ይሰማኛል። አይረግጥም። መኪናዋ ትጠብቀኛለች፣ ሞተሯ ዝም ብሎ ይዞራል፣ ምንም የጎደላት ነገር የለም። መንገዱ ሞላ፣ ደግሞ ባዶ ሆነ። አለቃ ሁለተኛ አላዘዘችኝም። ያ ነው የገደለኝ… ዝም ማለቷ። በስፖኪዮው ሳያት ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ልጄ እጄ ላይ እጇን አሳረፈች። ልንዳ ወይ ብላ እንኳ አልጠየቀችም። በሯን ከፍታ ወረደች፣ እኔም ወረድኩ። በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ስንተላለፍ ከኋላ የቆመው ሰውዬ ተመስገን ሲል ሰማሁት።

የካቲት 4

ቁልፉን መልሼ ሰጠኋት። በዚህ ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም። "ለጊዜው ነው" አለችኝ። አዎ አልኳት።

የካቲት 10

ዛሬ ለወንዱ ልጄ ቤት ምሳ ሄድን። ልጄ ነዳች። ከፊት ግባ አለችኝ፣ አይ ከኋላ ይሻለኛል አልኩ፤ ከፊት ሆኜ እግሬ በባዶው ፍሬን ይይዛል፣ እሷንም ያስጨንቃታል። ከአለቃ ጎን ተቀመጥኩ።

መንገዱ ከኋላ ሲታይ ለካ መንገድ አይደለም። የወንበር ጀርባ ነው፣ የሰው ፀጉር ነው፣ በጎን የሚያልፍ ግድግዳ ነው። ስንት ዓመት ከፊቴ የነበረው ሁሉ በጎኔ ያልፋል። አለቃ ስለ ትምህርት ቤት ታወራለች፤ ሰኞ ፈተና አለባት፤ በሰርቪሱ እንደምትሄድ የጠየቃት የለም፣ እሷም አላነሳችም።

የኋላ ቀበቶ አስሬ አላውቅም። ማሰሪያውን ወንበሩ መሃል ስዳብስ፣ ስፈልግ፣ አጣሁት። አለቃ ወሬዋን ሳታቋርጥ በላዬ ተሻግራ ቀበቶውን ጎተተች፣ ቦታው ላይ ከተተችው፣ መያዙን ለማየት ሳብ ሳብ አደረገችው። ከዚያ ለእናቷ፣ "እሺ፣ አባባ ታስሯል፣ ሂጂ" አለቻት።

ሄድን።